የሌዲ ኤልስፔት ሥዕል እንዴት እንደጸዳ

የስኮትላንዷ ወደብ የፖርት አርድል ሰው መርከብ ይወዳል፤ በተለይ ከሞተች በኋላ። በሕይወት ሳለች ጭሷ የተሰጣ ልብስ ያጠቁራል፣ ደወሏ ሕፃን ይቀሰቅሳል፣ የምታራግፈው የግላስጎ ሰካራም አበባችንን ይረግጣል እያለ ሲያማርር ይከርማል። ለብረት ነጋዴ ተሸጣ በተቆራረጠች ማግስት ግን ማኅበር ያቋቁምላታል፣ ሊቀ መንበር ይመርጥላታል፣ በስሟ ሻይ እየጠጣ ያለቅሳል።

እኔ ሌዲ ኤልስፔት ለተባለችው መርከብ የቆመው ማኅበር ጸሐፊ ነበርኩ። በትምህርት ቤቱ ታሪክ ስለማስተምር "አንተ መጻፍ ትችላለህ" ብለው መረጡኝ። መጻፍ ማለት ሊቀ መንበሩ ያለውን መገልበጥ ማለት እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ሊቀ መንበራችን ጊልበርት ራንኪን ይባላል፤ የባሕሩ ዳር ትልቁ ሆቴል የእሱ ነው። አባቱ ካፒቴን ኮሊን ራንኪን በዘመናቸው የሌዲ ኤልስፔት አዛዥ ነበሩ። ጊልበርት ራሱ ጀልባ ላይ እግሩን ካሳረፈ ያስመልሰዋል። ይህ ግን የናስ ቁልፍ ያለው ሰማያዊ ኮት ከመልበስና ከወንበር በተነሣ ቁጥር "መልሕቅ እናንሣ" ከማለት አላገደውም። የእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ አጠገብ የመርከብ መሪ አቁሟል፤ ከአምስተርዳም የገዛው ነው።

የማኅበራችን ታቦት በከተማው አዳራሽ ሻይ ቤት የተሰቀለው ሥዕል ነበር። የመርከብ ሥዕል የራሱ ሕግ አለው። መርከቧ ሁልጊዜ በጎኗ ትታያለች፣ ገበያ እንደወጣ ፈረስ። ነፋስ ኖረም አልኖረም ባንዲራዎቿ ሁሉ ተወጥረዋል። ሥዕሉን የሚያዘው ካፒቴን ስለሆነ፣ ካፒቴን ደግሞ ገመድ ስለሚቆጥር፣ አንድ ገመድ የጎደለበት ሥዕል ለሠዓሊው ይመለስለታል። ስለዚህ የእኛ ባሕር ዳር ሠዓሊዎች ሰው መሣል አይችሉበትም፤ ተሳፋሪው ሁሉ በመርከቡ ወለል ላይ የተበተነ ቁንዶ በርበሬ ነው። ገመዱን፣ ምሰሶውንና መስኮቱን ግን ከሠራቸው ሰው ይበልጥ ያውቋቸዋል። ካፒቴን ራንኪን አሠርተው ለአዳራሹ የሰጡትን ይህን ሥዕል የሠራው አርቺ ዌድልም እንደዚያ ያለ ሰው ነበር ይሉታል። ያየውን ይሥላል፤ ያላየውን ጨምር ቢሉት ብሩሹን ያስቀምጣል።

በሥዕሉ ላይ ሌዲ ኤልስፔት ነጭ ሆዷን ለእኛ ሰጥታ፣ ሁለት ቢጫ ጭስ ማውጫዎቿን አቁማ፣ በጎኗ ባለው ትልቅ ቀዛፊ መንኮራኩር አረፋ እየናጠች ወደ ወደባችን ትገባለች። ከኋላዋ፣ እንደተሸነፈች ጎረቤት፣ ሮዋን የምትባለው መርከብ ትታያለች። በቀኝ ጠርዝ ላይ የእንጨቱ ወደብና የምልክት ማማው አሉ። ሰው ሁሉ ለሃምሳ ዓመት በዚህ ሥዕል ሥር ስኮን የሚባለውን ቂጣ በቅቤ በልቷል። አይቶታል ለማለት ግን አልደፍርም።

ይህ የምተርከው በሆነበት ዓመት፣ በሐምሌ፣ መርከቧ ወደቡን የመታችበት አደጋ ሃምሳኛ ዓመቱ ነበር። ጊልበርት ስለ መርከቧ የጻፈው ባለ አሥራ ሁለት ገጽ መጽሔት አለ፤ ዘጠኙ ስለ ራንኪን ቤተሰብ ነው። በቀሩት ሦስት ገጾች መርከቧ ትሠራለች፣ በውድድር ሮዋንን ታሸንፋለች፣ በታላቁ ጦርነት ግራጫ ተቀብታ "አገሯን ታገለግላለች" (ድንች ነበር የምታመላልሰው)፣ ከዚያም ትሞታለች። መሐል ላይ አደጋው አለ። ካፒቴን ራንኪን በአንድ የበዓል ቅዳሜ፣ ወደብ የመግባት ተራቸው ሆኖ፣ በዝግታና በጥንቃቄ ሲገቡ "ወደ ኋላ" የሚለውን ትእዛዝ ለሞተር ክፍል ደወሉ። መካኒኩ ሰክሮ ስለነበር ትእዛዙን አልፈጸመም። መርከቧ ወደቡን መታች፤ ጫፉ ተደረመሰ፤ አሥራ አንድ ሰው ባሕር ገባ። አሥሩ ወጡ። አሥራ አንደኛው የፔዝሊ ከተማ ዳቦ ጋጋሪ ነበር፣ አልወጣም።

ሥዕሉ የሚያሳየው የዚያን ቅዳሜ አገባቧን ነውና ማኅበሩ ለበዓሉ በሥሩ የሚሰቀል የናስ ሰሌዳ ሊያስቀርጽ ወሰነ። ጽሑፉን ጊልበርት በስብሰባ ላይ ድምፁን አወፍሮ አነበበው፦

"ለካፒቴን ኮሊን ራንኪን። በመካኒኩ ስካር በደረሰው አደጋ፣ ሳይደናገጡ፣ የብዙዎችን ነፍስ ላተረፉ።"

"መካኒኩ ስም አለው" አለ ከበሩ በኩል አንድ ድምፅ።

ኤፊ ማክዊልካን ነበረች። በዋናው መንገድ የሹራብ ክር ሱቅ አላት፤ ከተማው በሙሉ የሚለብሰው ካልሲ በእጇ አልፏል። ዝናብ ከባርኔጣዋ እየተንጠባጠበ ገባች።

"ዱጋልድ ማክዊልካን ይባላል። አባቴ ነው።"

ጊልበርት ጉሮሮውን ጠረገ። "ሚስ ማክዊልካን፣ ስሙን ያልጻፍነው እኮ እርስዎን ላለማሳፈር ብለን ነው።"

"እርስዎ? አንደኛ ክፍል ሱሪህ ውስጥ ስትሸና አጠገብህ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ ጊልበርት። ዛሬ 'እርስዎ' ሆንኩ?"

አባላችን ፋርማሲስቱን ሻይ አነቀው። ጊልበርት ቀላ፤ ነገር ግን ማዕረጉን አልለቀቀም። "ስብሰባ ላይ ነን፣ ሚስ ማክዊልካን።"

"ስብሰባ ላይ ከሆናችሁ ይህን መዝግቡ። አባቴ መጠጥ ቀምሶ አያውቅም። መጠጥ ላይቀምሱ የማሉ ሰዎች የሚያደርጉትን ሰማያዊ ሪባን ከአሥራ ስድስት ዓመቱ ጀምሮ ደረቱ ላይ አድርጎ ነው የሞተው። ከዚያ ቀን በኋላ ሞተር ያስነካው አልነበረም። ግሪኖክ ወደብ የድንጋይ ከሰል እየተሸከመ፣ ጎረምሳ ሁሉ 'ዱጋልድ፣ አንዴ ላጠጣህ?' እያለ ሲያላግጥበት ሞተ።"

"ሪባን ያላደረገ ሰካራም አይቼ አላውቅም" አለ ጊልበርት። ሳቁለት። የሊቀ መንበር ቀልድ ሁልጊዜ ያስቃል።

ኤፊ ወደ ሥዕሉ ሄዳ ጓንቷን አወለቀችና በጣቷ ጠቆመች። "ኑ። ጽዋችሁን ይዛችሁ ኑ። ይህ መንኮራኩር ወደ ፊት ሲዞር ውሃውን የት ይጥላል?"

ሁሉም ጽዋው ውስጥ አየ። የመርከብ ወዳጆች ማኅበር ነው እንግዲህ።

"ወደ ኋላ ይጥላል። ወደ ኋላ ሲዞርስ? ወደ ፊት ይተፋል። አባቴ በሳፋ ውሃ ላይ በማንኪያ አሳይቶኛል፤ ስምንት ዓመቴ ነበር። አሁን እዩት። አረፋው የት ነው?"

አየን። ነጩ አረፋ ከመንኮራኩሩ ፊት፣ ወደ መርከቧ አፍንጫ በኩል ተከምሯል። ከኋላ ያለው ውሃ ዝም ብሏል። ይህን ሥዕል ስንት መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ። አንድም ቀን አላየሁትም።

"መንኮራኩሩ ወደ ኋላ ይዞራል ማለት ነው" አለች። "አባቴ የተባለውን አድርጓል። ሞተሩ ተገልብጧል። መርከቧ ያልቆመችው እሷን ያበረረ ሌላ ሰው ስላለ ነው።"

ጊልበርት ፈገግ አለ፤ የሆቴል እንግዳ ሾርባው ቀዘቀዘ ሲለው እንደሚስቀው። "ውሃ ውሃ ነው፣ ሚስ ማክዊልካን። ሠዓሊው ነጭ ቀለም ተርፎት ይሆናል።"

"አርቺ ዌድል ቀለም የሚተርፈው ሰው ነበር?"

"ድምፅ እንስጥ" አለ ጊልበርት።

ለሰሌዳው ጽሑፍ ስድስት እጅ ወጣ። ሰባተኛው እኔ ነበርኩ፤ እጄን ያላነሣሁት በጀግንነት አይደለም። ቃለ ጉባኤ እየጻፍኩ ነበር።

ሰዉ ወጥቶ ካበቃ በኋላ ኤፊ ባርኔጣዋን እያስተካከለች አጠገቤ ቆመች። "አንተ ታሪክ ታስተምራለህ አሉ ሚስተር ኦር።"

"አዎ።"

"የማንን?"

መልሴን ሳትጠብቅ ሄደች።

ንዴት ለዓይን መድኃኒት ነው። በማግስቱ ጠዋት ከትምህርት ቤት የማጉያ መነጽር ይዤ ሥዕሉ ሥር ወንበር አስጠግቼ ላዩ ላይ ቆምኩ። አስተናጋጇ "ትወድቃለህ ሚስተር ኦር!" ስትል አልሰማኋትም። የምልክት ማማው ጫፍ ላይ አተር የሚያካክሉ ሁለት ክቦች አሉ። በምሥራቅ በኩል ያለው ነጭ፣ በምዕራብ በኩል ያለው ጥቁር። አርቺ ዌድል፣ እግዚአብሔር ነፍሱን ይማርና፣ ሁለት ፀጉር ብቻ ባላት ብሩሽ ሣላቸው። ምን እንደሚናገሩ ግን አላውቅም ነበር። ወደ ወደባችን የሚሽቀዳደሙት መርከቦች ከጠፉ ወዲህ ማማው የርግብ ቤት ሆኗል።

የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር። ሶርሊ ጊሊስ ሠላሳ አንድ ዓመት የወደቡ ሹም ነበር። አሁን ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ካፒቴን ራንኪን ድሮ በሰጡት ትንሽ ቤት ይኖራል፤ ቀኑን ሙሉ ወደቡ ላይ ባለች አግዳሚ ወንበር ተቀምጦ የሚገባውን ጀልባ ሁሉ ይሰድባል።

"እያት ያቺን! እንደ ላም ነው የምታስገባት፣ አንተ ድንጋይ!" ይላል ለዓሣ አስጋሪው። ዓሣ አስጋሪው እጁን ያውለበልብለታል።

አጠገቡ ተቀመጥኩና ስለ ክቦቹ ጠየቅሁት። ፊቱ በራ። ስለ ሥራው የጠየቀው ሰው ከጠፋ ሃያ ዓመት ሳይሆነው አይቀርም።

"በዚያ ጊዜ ሁለት መርከብ ባንድ ላይ ይመጣል ልጄ። ቀድሞ የደረሰ ተሳፋሪውን ይጭናል። ስለዚህ እንደ እብድ ይጋልባሉ። ማን ይግባ ብሎ የሚወስነው ማን ነው? እኔ! የምዕራቡ ክብ ከምዕራብ ለሚመጣው፣ የምሥራቁ ከምሥራቅ ለሚመጣው። ነጭ ካየህ ና። ጥቁር ካየህ ቁም፣ ሚስትህ እየወለደችም ቢሆን ቁም።"

"ሁለቱም ነጭ ቢሆኑስ?"

እንደሰደብኩት አየኝ። "ሁለት ነጭ የለም። ሁለት ነጭ ያሳየ ሹም ሁለት መርከብ አጋጭቷል ማለት ነው። ያ ሹም ሳይሆን ነፍሰ ገዳይ ነው።"

"የዚያን ቅዳሜስ? ሌዲ ኤልስፔት ከምዕራብ ነበር የመጣችው፣ ሮዋን ከምሥራቅ። ለማን ነጭ ሰጠህ?"

ብርሃኑ ከፊቱ ጠፋ። "አላስታውስም።"

"የዚያን ቀን ነፋሱስ?"

"ደቡብ ምዕራብ። ቀላል። ከሰዓት በኋላ ተነሣ።"

"ሥዕሉ ላይ ማማው ሥር የተኛው ውሻስ ስሙ ማን ነበር?"

"ብራን።" ከዚያ ወጥመድ ውስጥ መግባቱ ገባው፤ ከዘራውን አነሣ። "ለመርማሪው ሸንጎ የምለውን ብያለሁ። 'ካፒቴኑ እንዳሉት ነው' ብያለሁ። ሂድ ልጆችህን አስተምር።"

ለመሄድ ግን በቂ ነበረኝ። በሥዕሉ ላይ ጥቁሩ ክብ የምዕራቡ ነው። ካፒቴን ራንኪን ጥቁር እያዩ፣ ተራቸው ሳይሆን፣ በሙሉ ኃይል ገብተዋል። በዝግታና በጥንቃቄ የሚለው የመጽሔቱ ቃል ውሃ የማያነሣ ውሸት ነው፤ ማስረጃው ደግሞ የራንኪን ቤተሰብ ራሱ ለሃምሳ ዓመት ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ በየዓመቱ አቧራ እያራገፈ ያቆየው ነው። እንዲህ ያለ ጅልነት በዓለም ላይ ስንት ቦታ ይገኛል? ሌባ የሰረቀውን በሬ ሥዕል አሠርቶ ሳሎኑ ውስጥ አይሰቅልም።

በዚያው ምሳ ሰዓት ወደ ሆቴሉ ሄድኩ። ጊልበርት ከመርከብ መሪው አጠገብ ቆሞ ሰማኝ። ፊቱ ሊጥ መሰለ። ከዚያ ቀስ በቀስ ቀለሙ ተመለሰ።

"የሻይ እንፋሎት ነው" አለ።

"ምኑ?"

"ጥቁሩ። ሃምሳ ዓመት የሻይ ቤት እንፋሎት። ሥዕል ያጠቁራል፤ የታወቀ ነገር ነው።"

"እንፋሎቱ አንዷን አተር ብቻ መርጦ አጠቆረ? አጠገቧ ያለችው እንደ ወተት ነች።"

"ለበዓሉ እናስጸዳዋለን" አለ። "ጥሩ ሐሳብ ነው ያመጣኸው፣ ሚስተር ኦር። ቃለ ጉባኤ ላይ አመሰግንሃለሁ።"

ለአውራጃው ጋዜጣ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። አዘጋጁ "ቦታ የለንም" ብሎ መለሰልኝ፤ በዚያ ሳምንት እትም አራት ዓምድ ሙሉ ስለ ጠፋ ድመት ነበር። ለኤፊ ሱቋ ሄጄ ነገርኳት፤ ክር እየጠቀለለች ሰማችኝ።

"ሥዕሉን የሚነካ አይመስለኝም" አልኩ። "አንድ ሰው እንዲህ ያለ ነገር..."

"ይነካዋል" አለች። "አባቱም እውነቱን ነክቶታል። እኛ ዝም ካልናቸው ለምን ይተዋሉ?"

ሥዕሉ ከግድግዳው ወረደ። ያጸዳው ታም ቢሴት ነው፤ የሆቴሉን ማስታወቂያና የአይስክሬም ጋሪዎችን የሚቀባ፣ ሥራ የሚወድ፣ ጥያቄ የማይወድ ሰው። ጊልበርት ምን እንዳዘዘው አልሰማሁም። ሆኖም ታም በኋላ መጠጥ ቤት ውስጥ ለሰው ሁሉ እንደተናገረው "ያቺን ጥቁር ነጥብ ነጭ አድርጋት" ነው የተባለው፤ ሌላውን ጥቁር አድርገው አልተባለም። ጊልበርት ሥርዓቱን አላወቀማ! የአባቱ ክብ ነጭ ከሆነ ነገሩ ያለቀ መሰለው። የሮዋንን ክብ ማን ያስባል? ሮዋን የኋላዋ መርከብ ነች።

በዓሉ የግላስጎ ሰው ለዕረፍት በሚጎርፍበት በፌር ሳምንት ቅዳሜ ዋለ። ዝናቡ እንደወትሮው ከግላስጎ እንግዶች ጋር መጣ። አዳራሹ በእርጥብ ሱፍና በበግ ሥጋ ፓይ ጠረን ታፈነ። ከግላስጎ ጋዜጣ አንድ ወጣት ከነካሜራው ተልኮ ነበር። ፓስተሩ ጸለዩ፤ የባሕርን መናወጥ ስላበረደው ጌታ ሲናገሩ ጊልበርትን ነበር የሚያዩት። በፊተኛው ረድፍ፣ "የዚያን ቀን ብቸኛው በሕይወት ያለ ምስክር" ተብሎ፣ ሶርሊ ጊሊስ ንጹሕ ኮሌታ አድርጎ ተቀምጧል። ኤፊ ከኋላ ቆማለች፤ ወንበር የሰጣት የለም።

ጊልበርት ተናገረ። አባቱ የዝግታ ሰው እንደነበሩ፣ የጥንቃቄ ሰው እንደነበሩ፣ በሌላ ሰው ጥፋት ስማቸው ሊጎድፍ ሲል በጸጥታ እንደቻሉት። "ከፍ ያለ ሰው ዝቅተኛውን አይከስም" አለ፤ የናስ ሰሌዳው ዝቅተኛውን ሲከስ ግን ከጎኑ ያብረቀርቅ ነበር። ከዚያ ጨርቁን ጎተተው።

ባሕሩ ሰማያዊ ሆኗል። የእኛ የክላይድ ባሕር እንደዚያ ሰማያዊ ሆኖ አያውቅም፤ የአይስክሬም ጋሪ ሰማያዊ ነው። ሰው አጨበጨበ። በማማው ጫፍ ላይ ደግሞ ሁለት ክቦች፣ ሁለቱም እንደ ዕንቁላል ነጭ፣ ከአዳራሹ ጥግ ድረስ ይታያሉ።

ጭብጨባው ሳያልቅ ሶርሊ ተነሣ። ከዘራውን ይዞ ሄዶ አፍንጫው ሥዕሉን ሊነካ እስኪል ተጠጋ።

"ይህን ማን ነው የሠራው?"

"ጸድቶ ነው ሶርሊ" አለ ጊልበርት። "ተቀመጥ፣ ሻይ ይመጣልሃል።"

"ሁለት ነጭ?"

"ምን አልክ?"

"ሁለት ነጭ ሰቀላችሁብኝ?" ድምፁ ተሰነጠቀ። "ሠላሳ አንድ ዓመት! በበረዶ፣ በጭጋግ፣ እናቴ በሞተችበት ቀን እዚያ ማማ ላይ ቆሜ! አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ሁለት ነጭ አሳይቼ አላውቅም! እኔን ነፍሰ ገዳይ አድርጋችሁ ግድግዳ ላይ ሰቀላችሁኝ?"

"ሶርሊ፣ ይህ ትንሽ ዝርዝር ነው..."

"ዝርዝር? አንተ የሾርባ አለቃ! ለአባትህ ጥቁር ነው ያሳየሁት! ጥቁር! እንደ ከሰል ጥቁር! ለሮዋን ነው ነጭ የሰጠሁት!"

የጋዜጣው ወጣት እርሳሱን አወጣ። ፓስተሩ መዝሙር ለማስጀመር አፋቸውን ከፈቱ፣ የትኛውን መዝሙር እንደሆነ ስላላወቁ መልሰው ዘጉት።

"ተቀመጥ እያልኩህ ነው" አለ ጊልበርት በሹክሹክታ። "ያለህበትን ቤት አስብ።"

ይህን ባይል ይሻለው ነበር። ሽማግሌው ወደ ሕዝቡ ዞረ።

"ለምን እንደገባ ልንገራችሁ? ለዚህ ነው!" በከዘራው ሥዕሉን መታው፤ ሸራው እንደ ከበሮ ጮኸ። "ዌድል ሠዓሊው በጀልባ ሆኖ ከወደቡ ማዶ ይጠብቀው ነበር። ካፒቴኑ ከሳምንት በፊት መጥቶ 'ሶርሊ፣ ቅዳሜ እሣላለሁ፤ ሮዋን ከኋላዬ ትሁን' ብሎኛል። 'ተራው የማን እንደሆነ አይቼ ነው' አልኩት። ተራው የሮዋን ሆነ። ጥቁር ሰጠሁት። እያየ ገባ! ሁለተኛ ሆኖ መሣል አልፈለገም!"

አንድ ዳቦ ጋጋሪ ለዚህች አረፋ ሞቷል።

"መንኮራኩሩስ ሶርሊ?" አለች ኤፊ ከኋላ። ጮክ አላለችም።

ሽማግሌው አላያትም፤ ወለሉን አየ። "ወደ ኋላ ይዞር ነበር። ከመምታቷ በፊት። ከፊቷ የተፋችው ውሃ እኔ ላይ ነው የደረሰው፣ እስከ ወገቤ ረጠብኩ። ዱጋልድ የቻለውን አድርጓል። ያን ያህል ፍጥነት ሰይጣንም አያቆመው።"

ሰዉ መንገድ ከፈተላትና ወደ ፊት መጣች። ያለቀሰች መስሎኝ ነበር። አላለቀሰችም።

"ሃምሳ ዓመት ታውቅ ነበር።"

"ማንም አልጠየቀኝም።"

"ሸንጎው ጠይቆሃል።"

"ሸንጎው 'ካፒቴኑ ይዋሻሉ ወይ?' ነው ያለኝ። በካፒቴን ላይ እንዴት አድርጌ አፌን እከፍታለሁ ኤፊ?"

"ዛሬስ ምን ከፈተው?"

"ዛሬ እኔ ላይ መጡብኛ!" አለ፣ ነገሩ ለማንም ግልጽ እንደሆነ።

እጁን ዘረጋላት። አየችው፤ ጓንቷን አላወለቀችም። "ቤት ሂድ ሶርሊ" አለችው። "ያንተን ክብ ዛሬውኑ ያስተካክሉልሃል። እሱስ አያሳስብህ።"

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይሉናል። ይህን ተረት የሚወዱት ማደሩ የማይጎዳቸው ሰዎች ናቸው። እውነቱ መጀመሪያ ማማው ላይ፣ ኋላም አግዳሚ ወንበር ላይ ሃምሳ ዓመት ተቀምጦ ጀልባ ሲሰድብ ኖሯል፤ ዱጋልድ ማክዊልካን ግሪኖክ ከሰል እንደሚሸከም ያውቅ ነበር። የቀሰቀሰው ሕሊና አይደለም። የሙያው ስም ሲነካ ነው የነቃው፣ ያውም የራሱ ሙያ።

ሶርሊ ክቡን ሌላ ሰው እንዲያስተካክልለት አልጠበቀም። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ለጀልባው የሚጠቀምበትን የቅጥራን ቆርቆሮ ይዞ መጣና የምዕራቡን ክብ ራሱ ቀባው። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ክቡ አሁን ከማማው ይበልጣል፤ ከበሩ ሲገቡ የመጀመሪያው የሚታየው እሱ ነው።

ሰኞ ማኅበሩ ተሰበሰበ። የግላስጎው ጋዜጣ በዚያ ጠዋት ወጥቷል፤ የጊልበርት ፎቶ አፉ እንደተከፈተ ነው። ሊቀ መንበርነቱን ግን አልለቀቀም። የራንኪን ዘር ጥቁር አይቶ አይቆምም።

"ቤተሰቤ ሆደ ሰፊ ነው" አለ ጉሮሮውን እየጠረገ። "'በመካኒኩ ስካር' የሚለው ይቅርና 'ባልታወቀ ምክንያት' ይባል። ሁላችንንም ያስማማል።"

"ምክንያቱ ታውቋል" አለች ኤፊ። በዚያ ቀን የመጣችው ተጠርታ ነው፤ ወንበርም ተሰጥቷታል።

"'በአሳዛኝ አለመግባባት'ስ?" አለ ፋርማሲስቱ።

"አባቴ ተግባብቷል። 'ወደ ኋላ' ሲሉት ወደ ኋላ አዙሯል።"

ከቦርሳዋ የክር መጠቅለያ ወረቀት አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አኖረች። አንድ መስመር ተጽፎበታል፦ "ዱጋልድ ማክዊልካን፣ የሌዲ ኤልስፔት መካኒክ። አልሰከረም።"

ፓስተሩ ደገፏት፤ ጋዜጣው ፊታቸው ተዘርግቶ ነበርና። አምስት ድምፅ ለሁለት አለፈ፤ ከሁለቱ አንዱ የጊልበርት ነው።

"ኤፊ፣ አስቢበት እንጂ" አለ ከስብሰባው በኋላ፣ "እርስዎ"ውን ረስቶት። "ይህ ለናስ የሚሆን ቃል ነው? ስለ ካፒቴኑ የለ፣ ስለ አደጋው የለ። 'አልሰከረም'! እንግዳ ሰው መጥቶ ሲያነበው ምን ይላል?"

"'ሰክሯል ያለው ማን ነው?' ይላል።" ባርኔጣዋን አደረገች። "ሆቴልህ ቅርብ ነው ጊልበርት። ወደ አንተ እልካቸዋለሁ።"